አባዬ፣ ዋልያስን አሜሪካ አልበላውም

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ወንድሜ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀይሮልሃል ብሎኛል። ምግብ ከበላህ በኋላ ነው የሚዋጠው፣ እንዳትዘነጋ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም እንደነበረው ነው፣ አሁንም ሌሊት ገቢ ነኝ።

የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን ታውቀዋለህ፣ እኔና አንተ ክርክር ከጀመርን ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ወይ አንተ «በይ በቃ፣ ሂሳብ ይቆጥርብሻል» ብለህ ትዘጋዋለህ። ኢሞ ሂሳብ አይቆጥርም ብዬ ስንቴ ልንገርህ? ስለዚህ ልጻፈው ብያለሁ። ወንድሜ ፊደሉን አተልቆ አሳትሞ ይሰጥሃል።

ነገሩ ስለ ዋልያስ ባንድ ነው፣ ስለ ድሮዎቹ የአዲስ አበባ ሂልተን ሙዚቀኞች። ባለፈው ደግመህ አነሳኸው። «ዋልያስን አሜሪካ በላው» አልክ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልሰማው የቀረሁበት ዓመት የለም። ጎረቤት ልጁን ወደ ውጭ ሲልክ ትለዋለህ። ሬዲዮ ላይ የድሮ ሙዚቃ ሲመጣ ትለዋለህ። እኔ ቪዛ ያገኘሁ ቀንም ሰው ሁሉ እልል ሲል አንተ ቀስ ብለህ ብለኸዋል። ልጅ ሳለሁ አሜሪካ ማለት በር ላይ ቆሞ ሙዚቀኛ የሚውጥ አውሬ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ታሪኩን አነበብኩ፣ ሸክላዎቹን ሰማሁ፣ ከእኔ በፊት የመጡ ሰዎችንም ጠየቅሁ። አንተ የታሪኩን መጀመሪያ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ወጣትነትህ ነው። መጨረሻው ላይ ግን አልስማማም።

እስቲ መጀመሪያውን እኔ የገባኝን ልንገርህ፣ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። አንተ ልጅ ሳለህ ዘመናዊ ሙዚቃ የመንግሥት ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሙዚቀኛው ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል፣ ትራምፔቱም የመንግሥት ነው። ከዚያ የምሽት ክበቦች መጡ። በፈረንጆቹ 1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፣ ይህም የመንግሥትን ብቸኝነት ሰበረው። ያም ሆኖ ሙዚቀኛው ከጌታ ወደ ጌታ ተዛወረ እንጂ ነጻ አልወጣም ነበር። ክበቡ ውስጥ ኦርጋኑም፣ ድራሙም፣ ማጉያውም የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ከተጣላህ ባዶ እጅህን ትወጣለህ። መሣሪያ የሌለው ሙዚቀኛ ምን ይሠራል?

የዋልያስ ልጆች ቬነስ ክለብ አብረው ይጫወቱ ከነበሩት የወጡ ናቸው። ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፣ ለእኔ ግን የባንዱ ታሪክ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። የራሳቸው ኦርጋን፣ የራሳቸው ድራም፣ የራሳቸው ድምፅ ማጉያ። ከዚያ በኋላ ወደ ሂልተን ሲገቡ ተዋውለው የገቡ ባንድ እንጂ ተቀጥረው የሚታዘዙ ልጆች አልነበሩም። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላይ፣ ግርማ በየነ ፒያኖ ላይ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ተማረ ሐረጉ ድራም። ጊታሩን ማህሙድ አማን ይዞታል። ስማቸውን የጻፍኩልህ አንተ ሁልጊዜ «ዋልያስ» ብለህ በአንድ ላይ ስለምትጠራቸው ነው። የዘፋኞቹን ስም ሁሉ በቃልህ ታውቃለህ። የኋላውን ሰው ግን አታውቅም። እውነቱን ለመናገር አገሩ በሙሉ እንዳንተ ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶ ነዋ።

ዋልያስ ግን ዘፋኝ ሳይኖረው ራሱን ችሎ መቆም የቻለ ባንድ ነው። እዚህ ላይ ደርግ ሳያውቅ ረድቷቸዋል ብዬ አስባለሁ። ይህ የራሴ ግምት ነው፣ አትቆጣ። የዘፈን ግጥም ሳንሱር ያልፋል። አንዲት ስንኝ ሰውን እስር ቤት ታስገባለች። ኦርጋን ግን ምን አለ ተብሎ ይከሰሳል? ግጥም የሌለውን ሙዚቃቸውን፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን፣ የትኛው ሳንሱር ይሰርዘዋል?

የሰዓት እላፊውን ነገር ደግሞ አንተ ነህ የነገርከኝ። ሂልተን ውስጥ ቢራው አይቀመስም ነበር፣ አንዱን ጠርሙስ እስከ ንጋት እንሳበው ነበር ትለኛለህ። በኋላ ሳነብ የገባኝ ያ ለሙዚቀኞቹ ምን ማለት እንደነበር ነው። ከሰዓት እላፊ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት አደጋ ነው። ስለዚህ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ሰው ካልወጣ ባንዱም አያቆምም። ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታሉ። የውጭ እንግዳ አለ፣ ለእሱ የፈረንጅ ሙዚቃ ይጠበቃል። እንዳንተ ያለ ወጣት አለ፣ ለእሱ ትዝታና ባቲ ይጠበቃል። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት፣ ያውም በየቀኑ! እኔ ሌሊት ሠራተኛ ስለሆንኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውነት ምን እንደሚል አውቃለሁ። እነሱ በዚያ ሰዓት አዲስ ሙዚቃ ይፈጥሩ ነበር። ውጭ ሰው ይገደላል፣ ውስጥ ሰው ይጨፍራል። አንተ ስለዚያ ዘመን ስታወራ የመጀመሪያውን ትዘለዋለህ፣ ለምን እንደምትዘለውም ይገባኛል።

«ቼ በለው» የተባለው ሸክላቸው የወጣው በዚያው መሃል ነው፣ በፈረንጆቹ 1977። ሙላቱ አስታጥቄም በቪብራፎኑ አለበት። ሸክላው ያኔ ብዙም አልተወራለትም። ካሴት እየገባ ነበር፣ የሸክላ ዘመን እያለቀ። ዛሬ የመጀመሪያውን እትም የሚፈልጉ ፈረንጆች የሚከፍሉትን ብነግርህ ያኔ ከማን ቤት እንደተዋስከው ማሰብ ትጀምራለህ። በኋላ እንደገና ታትሟል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ብሩክሊን ያሉ ልጆች በራሳቸው መንገድ ተጫውተውታል። ኃይሉ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አወጣ። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አንተ «ቼ በለው» ትላለህ። እዚህ ላይ መቼም አንስማማም።

አሁን ወደ አሜሪካ ልምጣ።

በፈረንጆቹ 1981 ዋልያስ ለዝግጅት ወደ አሜሪካ መጣ። ከኢትዮጵያ ወደዚህ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ባንዶች አንዱ ነው። ማህሙድ አህመድም አብሮ ነበር። አንተ እንደምትለው ፈረንጅ ሊያጨበጭብላቸው አልመጣም። አዳራሹን የሞላው ከደርግ የሸሸ ስደተኛ ነው። ያን ጊዜ እዚህ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው ሲያጫውቱኝ፣ ሰው የሚያለቅሰውና የሚጨፍረው በአንድ ዘፈን ላይ ነበር አሉኝ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኬ ቀሩ። ሌሎቹ አዲስ አበባ ተመለሱ።

አባዬ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ተመለሱት ለምን አታነሳም? ዮሐንስ ተኮላ አገሩ ገብቶ ትራምፔቱን ይዞ ቀጥሏል። ተማረ ሐረጉም ተመልሷል። ዋልያስ የሚለውን ስም አዲስ አበባ ላይ ያቆዩት እነሱ ናቸው። ለአርባ ዓመት ግን የምትቆጨው በቀሩት ነው። የተመለሱትን አንስተህ አታውቅም። እቤትም እንደዚሁ ነህ። ጠዋት ተነስቶ ክሊኒክ የሚወስድህ፣ ወረፋ የሚይዝልህ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚያበራልህ ወንድሜ ነው። ስልክ ላይ ግን የምታወራው ስለ እኔ ነው። «ልጄ ዋሽንግተን» ትላለህ ለጎረቤት። እሱ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይሰማል። አልነገረኝም፣ ቅሬታም የለውም። እኔ ነኝ ያየሁት።

ስለ ቀሩት እንመለስ። ኃይሉ፣ ሞገስና መላኬ እዚህ ዋሽንግተን ዙላ ባንድ የሚባል አቋቋሙ። ለዓመታት ለሐበሻው ተጫወቱ። ኃይሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ተማረ። በ1985 ደግሞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ልጅነቱን ያሳለፈበትን አኮርዲዮን አንስቶ፣ ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ የቆዩ ዜማዎችን ተጫወተ። «ሸሞንሟናዬ» አለበት። መጀመሪያ ስሰማው ድራም ማሽኑ ቀጭን ሆኖብኝ ነበር፣ የሠርግ ቤት ኪቦርድ መሰለኝ። ሁለተኛ ስሰማው አኮርዲዮኑ ብቻ ነው የቀረው። የአገርህ ልጅ አይደል፣ የደብረ ብርሃኑ! ያ ብርድ በአኮርዲዮኑ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አንተ ሰምተህ ፍረድ።

ከዚያ በኋላ ነው አንተን የሚያንገበግብህ ነገር የመጣው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኃይሉ መድረኩን ተወ፣ በኋላም ታክሲ መንዳት ጀመረ። ደለስ ኤርፖርት። «ያን የሚያህል ሰው! የሂልተኑ ኃይሉ! ሻንጣ ጫኝ!» ትላለህ። ይህን ስትል ድምፅህ ይለወጣል።

ደለስ ታክሲ ወረፋ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። እንግዳ ልቀበል ስሄድ አየዋለሁ። መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሹፌሩ ግማሹ ሐበሻ ነው። ካርታ የሚጫወት አለ፣ የሚጸልይ አለ፣ የኮሌጅ ፈተና የሚያጠና አለ፣ ስለ አገር ፖለቲካ የሚጨቃጨቅማ አታንሳው። ጋሽ ኃይሉ እዚያ ወረፋ ላይ ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይለማመድ ነበር። ለዓመታት! ተሳፋሪ ሲመጣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሰው አይሰማውም፣ አጨብጫቢ የለም፣ ክፍያ የለም። ተሳፋሪዎቹ የሚነዳቸው ሰው ማን እንደሆነ አያውቁም።

አንተ በዚህ ውስጥ ውርደት ታያለህ። እኔ ሂልተን የገባውን ያንኑ ሰው ነው የማየው። ያኔ መሣሪያውን በራሱ ገንዘብ የገዛው የክለብ ባለቤት እንዳያዘው ነው። እዚህም ታክሲው የራሱ ሰዓት ነበር። ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ይገባል። ለሠርግ አዳራሽ ባለቤት «እባክህ ዓርብን ስጠኝ» ብሎ አልለመነም። የታክሲው ገንዘብ ቤቱን ያኖራል፣ ኪቦርዱ የራሱ ነው። አንተም እኮ ሥራህን ከቢሮ ስትለቅ ሁሉም አበድክ ብሎህ ነበር። አስታውስ።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ በተረት እንጂ በእውነት የሚሆን አይመስልም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያንን የ1985 ካሴት ያገኛል። ዋሽንግተን ተሠርቶ ባሕር ዳር የሚሸጥ ካሴት! ይወደዋል። ሰውየውን ፈልጎ ስልክ ይደውላል፣ ይስማማሉ፣ በ2013 እንደገና ይታተማል። ከዚያ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። አውሮፓ፣ አሜሪካ ዞረ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ወጣ። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው እንግዲህ። ፈረንጅ ወጣቶች ቆመው ሲያጨበጭቡለት አይቻለሁ። ሙዚቃውን ሲጀምር ምንም አይናገርም፣ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ኪቦርድ፣ አኮርዲዮን፣ አንዳንዴ በአፍ የሚነፋውን ሜሎዲካ። አጠገቤ የቆመ አንድ ልጅ ትዝታ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም።

ሁሉም ግን እንደ ኃይሉ አልሆነም፣ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ግርማ በየነ ያን ያህል ዘፈን ያቀናበረ ሰው፣ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ»ን የዘፈነ፣ እዚህ ከቀረ በኋላ ሙዚቃን ለአሥርተ ዓመታት ተወ። በኋላ አገሩ ገባ። ከዚያ አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር ሆኖ በ2017 አልበም አወጣ። ድምፁ አርጅቷል፣ ግን አሁንም ያው ረጋ ያለ ሰው ነው። መሃሉ ላይ የጠፉት ዓመታት ግን ጠፍተዋል። ያንን ማንም አይመልሰውም። ስለ እሱ «አሜሪካ በላው» ብትል ብዙም አልከራከርህም።

ከሁሉ በላይ ልትናደድበት የሚገባውን ነገር ግን አንተ አትናደድበትም። እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ያገኛቸው እኛ አይደለንም። የኛ ካሴት ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አቧራ ለብሶ ሲቀመጥ ማንም «ይህ ሰው የት ገባ?» አላለም። ኃይሉ ከእኛ መሃል በሺዎች የሚቆጠር ሰው በታክሲው አሳፍሯል። ከቦሌ ተነስቶ ደለስ የወረደ ሐበሻ ስንቱ ከኋላው ወንበር ተቀምጦ ስለ ድሮ ሙዚቃ አውርቶ ይሆን? እኔ ብሆንም ላላውቀው እችል ነበር። ፊቱን ከየት አውቀዋለሁ? ካሴቱ ላይ የነበረው የዘፋኙ ነው።

ስለዚህ አባዬ፣ ጎረቤት ልጁን ሲልክ ሌላ ምሳሌ ፈልግ። ሌላው ቢቀር «እንደ ዋልያስ ይሁንልህ» በለው። ገሚሱ ይመለሳል፣ ገሚሱ ይቀራል፣ ብዙው ግን መሣሪያውን አይጥልም። እኔም የምመለስበትን ቀን በየጊዜው አትጠይቀኝ። ሲመጣ እነግርሃለሁ። ወንድሜን ግን ዛሬውኑ «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» በለው። ከእኔ እንደተማርከው አትንገረው።

የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። በእሷ እጅ ሁለት ነገር ልኬልሃለሁ። አንደኛው አዲሱ የ«ቼ በለው» ሸክላ ነው። ሁለተኛው ለማጫወቻህ የሚሆን መርፌ ነው። የድሮው መርፌ ሸክላውን ይቧጭረዋል፣ ሳትቀይር እንዳታስጀምረው። ራስህ አትንካው፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ወንድሜ ይቀይርልህ። ደግሞ ስትሰማው ድምፁን አትቀንስ። ጎረቤት ይረበሻል አትበል፣ ጎረቤቱም ያንተው ዕድሜ ነው። ጊታሩ የሚገባበት ቦታ ላይ የምታስታውሰው ነገር ካለ በድምፅ ቅዳልኝና ወንድሜ ይላክልኝ።

እግርህን ሌሊት በደንብ ሸፍን።

ልጅህ